የተቃጠለ ፒስተን ምስክርነት፦ ያረጁ ባለ ሁለት ምት የበረዶ ሞተሮችን ስለ መጠገን



የዛሬው ንግግር ርእስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በመተላለፊያው የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርብልኛል። በረዶ ሲባል ሰብል የሚመታው ጠጠር በሚታሰብበት አገር፣ ስኖሞቢል ስለሚባል፣ በበረዶ ምንጣፍ ላይ ስለሚነዳ ተሽከርካሪ መናገር ምን ይረባል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። በዚህ ፋኩልቲ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ እናስተምራለን፤ ለምን መሥራት እንዳቆመ የሚመረመርበትን መንገድ ግን በአብዛኛው ለጋራዥ ትተነዋል። ምርመራን ለማስተማር ደግሞ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ብልሽቱ ግን ብዙ መልክ ያለው ማሽን ያስፈልጋል። በትምህርት ላይ ሳለሁ በሰሜን ሚኒሶታ በአንድ ትንሽ የጥገና ቤት ስድስት ክረምት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው ማሽኖች ሁሉ ለዚህ ዓላማ ይበልጥ የሚመቸው ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ የተረፈው ባለ ሁለት ምት የበረዶ ሞተር ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ክረምት ስልም የእኛን ዝናብ ሳይሆን ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የእነርሱን ብርድ ማለቴ ነው።

ላስረዳ የምሻው ነገር አንድ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ተሰብሮ የሚገኘው ክፍል የብልሽቱ ምክንያት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ፒስተኑ ይቃጠላል፤ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ፒስተኑን ብቻ ቀይሮ ሞተሩን የሚመልስ ሰው የጠገነ ይመስለዋል እንጂ ያደረገው ቀጠሮ ማራዘም ነው።

የማሽኑን ታሪክ ባጭሩ ላስቀድም። በካናዳ፣ በኩቤክ ግዛት፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር የሚባል መካኒክ ነበር። በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ መሞከር የጀመረው ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በ1934 ክረምት ሕፃን ልጁ በትርፍ አንጀት ሕመም ተይዞ፣ መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ስለ ነበር ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተበት። በ1937 በጥርሳም ጎማ የሚዞረውን የጎማ ምንጣፍ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1959 ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚጭነውን ቀላል ስኪዱ ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ በኩል በካናዳ ድንበር አጠገብ ባለችው ሮዞ በምትባል የሚኒሶታ ከተማ፣ የፖላሪስ ድርጅት መሥራቾች የመጀመሪያቸውን ማሽን በ1956 ሠርተው ነበር። በ1960ዎቹ ከኦስትሪያ የመጣው የሮታክስ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከስኪዱ ጋር ሲገናኝ፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ዓይነት ማሽን መልኩን ያዘ።

ለምን ባለ ሁለት ምት ተመረጠ? ሁለት ምክንያት ይበቃል። አንደኛው ክብደት ነው፤ በለስላሳ በረዶ ላይ የሚሄድ ነገር ከከበደ ይሰምጣል። ሁለተኛው ብርድ ነው። በ35 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ባለ አራት ምት ሞተር ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው የዚያ ዘመን ዘይት እንደ ማር ይወፍር ነበር። ባለ ሁለት ምቱ የተጠራቀመ ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ሥራውን ሠርቶም ከቤንዚኑ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ የጋራዣችንን ቋንቋ ብጠቀም እንደማትቆጡ ተስፋ አለኝ። ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ኮሎ፣ ቢየላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት የጣልያንኛ ውርሶች ከመማሪያ መጽሐፋችን ስያሜዎች ይልቅ ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር ያግባባሉ። መካኒኩ የማይገባውን ቃል የሚጠቀም መሐንዲስ ጥያቄውም መልስ አያገኝም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ከላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የሲሊንደሩን መስኮቶች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ነገር ግን ተማሪ ሁሉ የሚዘነጋው አንድ እውነት አለ። ይህ ሞተር ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ከፒስተኑ በላይ ነዳጁ ይቃጠላል። ከፒስተኑ በታች፣ ኮሎው በሚዞርበት ቤት ውስጥ ደግሞ አየርና ቤንዚን ተስቦ ይገባል፣ ይታመቃል፣ ወደ ላይም ይገፋል። የኮሎው ቤት እንደ ባለ አራት ምቱ የዘይት ማጠራቀሚያ አይደለም፤ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ከሆነ ደግሞ አየር ማስገባት የለበትም። በኮሎው ሁለት ጫፎች ያሉት ማገጃ ጎማዎች፣ ካርቡራቶሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘው የጎማ አንገት፣ የሲሊንደሩ የታችኛው ጓርኒሲዮን፣ እነዚህ ሁሉ አየር እንዳያሾልኩ ይጠበቃል። ሁሉም ደግሞ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ይደርቃሉ።

አንዱ ሲደርቅ ምን ይሆናል? ካርቡራቶሩ ያልለካው አየር በጎን ይገባል። ቅልቅሉ ይሳሳል፤ ማለትም ለአየሩ መጠን የሚበቃ ቤንዚን አይኖርም። የሳሳ ቅልቅል ሲሊንደሩን ያግለዋል። ከዚህ በላይ የከፋው ቅጣቱ እጥፍ መሆኑ ነው፤ ቤንዚኑ ዘይቱን ተሸክሞ የሚመጣ ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ማለስለሻውም አብሮ ያንሳል። ሙቀት ሲጨምር ዘይት የሚቀንስበት ሞተር ይህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። የሲሊንደሩ ስፋት 70 ሚሊሜትር ነው እንበል። ፒስተኑ አልሙኒየም፣ የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ ብረት ነው። አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱም በ100 ዲግሪ ቢሞቁ ፒስተኑ 0.16 ሚሊሜትር፣ ሲሊንደሩ 0.08 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋሉ። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ የጠጉር ውፍረት ማለት ነው። ማለዳ በ30 ዲግሪ ብርድ ሞተሩን አስነሥቶ ወዲያው በሙሉ ጋዝ የሚለቀው ሰው የሚያደርገውን አሁን ማስላት ትችላላችሁ። ፒስተኑ ግሎ ሲሰፋ ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ክፍተቱ ያልቃል፤ ፒስተኑም በአራት ማዕዘን ይላጫል። በዙሪያው በአራት ቦታ ቀጥ ያለ የጭረት መስመር ያለበት ፒስተን ባየሁ ጊዜ ካርቡራቶሩን ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን ስለ ማለዳ ልማዱ እጠይቀዋለሁ።

የፒስተን ንባብ የምለው ይህን ነው። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ የሙቀት ምልክት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሳሳ ቅልቅልን ያመለክታል። በመግቢያው በኩል ከሆነ ዘይት እንዳጠረው ወይም አቧራና ቆሻሻ እንደ ገባበት እጠረጥራለሁ። አናቱ በመሐሉ የተበሳ ከሆነ ነዳጁ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሏል፤ የካንዴላውን ዓይነት፣ የእሳቱን ጊዜ፣ የቤንዚኑን ጥራት መመርመር ይገባል። ሁለት ሲሊንደር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚያምር ጥያቄ አለ፤ የተቃጠለው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? ሁለቱም ከሆኑ ሁለቱ የሚጋሩትን ፈልጉ፤ ቤንዚኑን፣ የዘይቱን ቅልቅል፣ የነዳጁን ፓምፕ፣ ማቀዝቀዣውን። አንዱ ብቻ ከሆነ የማይጋሩትን ፈልጉ፤ የዚያን ወገን ካርቡራቶር፣ የጎማ አንገት፣ የኮሎ ማገጃ። ይህ ሎጂክ ነው፤ መሣሪያ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ባለመጠየቅ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ አንድ ሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ሲሊንደር ማሽን አምጥተው ነበር። ሌላ የጥገና ቤት በሁለት ክረምት ውስጥ አንድ ፒስተን ሁለት ጊዜ ቀይሮላቸዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግኔቱ በኩል ያለውን። በሦስተኛው ጊዜ ሞተሩ የቆመው ዓሣ ለማጥመድ ብቻቸውን በሄዱበት የረጋ ሐይቅ መካከል ነው። በ28 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በነፋስ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተመለሱ። ወደ እኛ ሲመጡ ሁለት የእጅ ጣቶቻቸው በፋሻ ተጠቅልለው ነበር።

ማሽኑን ከመፍታቴ በፊት ከመቆሙ በፊት ምን ይሰማቸው እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። ጋዙን ሲለቁለት ሞተሩ ቶሎ አልወርድ እያለ ጥቂት ጊዜ በራሱ ይጮህ እንደ ነበር፣ ይህም ከጀመረ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ነገሩኝ። ያን ድምፅ ለማንም አልነገሩም፤ የጠየቃቸው አልነበረምና። ባለ ሁለት ምት ሞተር ጋዝ ተለቆለት ድምፁ ካልወረደ በጎን አየር እየጠጣ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የሚቀጥለው የመግቢያውንና የጭስ መውጫውን ቀዳዳዎች ዘግቶ በኮሎው ቤት ውስጥ አየር መንፋት ነው። ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ደኅናውን ማገጃ ራሱ ይገፋዋል። ጤነኛ ሞተር ይህን ግፊት ለደቂቃዎች ይዞ ይቆያል። የእርሳቸው ግን ዐሥር ሴኮንድ አልቆየም። የሳሙና ውሃ ስንቀባ፣ የማግኔቱን ከባድ ጎማ ካወለቅን በኋላ ከኮሎው ዙሪያ አረፋ ተነሣ። ማገጃው ጎማ እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር። ዋጋው ከሁለቱ ፒስተኖች ጋር ሲነጻጸር ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የተሰወረው ከማግኔቱ ጀርባ ስለሆነ ነው እንጂ መካኒኮቹ ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ የሚታየውን ጠግነው ነበር።

ለእናንተ የፊዚክስ ጥያቄ የሚሆን ሌላ የሳሳ ቅልቅል ምንጭ አለ፤ እርሱም ብርዱ ራሱ ነው። አየር ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ከዜሮ ወደ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ ክብደቱ በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ካርቡራቶር ግን አየሩን የሚመዝን መሣሪያ አይደለም፤ የሚያውቀው የግፊት ልዩነትን ብቻ ነው። የአየሩ ክብደት ሲጨምር የሚሳበው ቤንዚን የሚጨምረው በካሬ ሥሩ ልክ ነው። ስለዚህ ቅልቅሉ 6 በመቶ ገደማ ይሳሳል። መድኃኒቱ ጂግለር የምንላትን፣ ቀዳዳዋ በጥንቃቄ የተለካች የናስ ቁራጭ በሰፋች መቀየር ነው። የእነዚህ ማሽኖች መመሪያ መጽሐፍ ለየሙቀቱና ለየከፍታው የምትገባውን ጂግለር የሚያሳይ ሰንጠረዥ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ከፍታ ስል ተማሪዎች ሲነቃቁ አያለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። እዚህ ለከተማችን አየር ተስተካክሎ ጥሩ የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ወስዳችሁ በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ30 ዲግሪ ብርድ ብታስነሡት፣ የሚገጥመው አየር ከለመደው አንድ ተኩል ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ካሬ ሥሩን አውጡና ቅልቅሉ ምን ያህል እንደሚሳሳ አስሉት፤ ሩብ ያህል ይመጣላችኋል። ያ ሞተር ብዙ መንገድ አይሄድም። በተቃራኒው ከዚያ የመጣ ሞተር እዚህ በቤንዚን ይታፈናል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ነገር ግን አይሞትም። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ወደ ወፈረው ቅልቅል አዘንብሉ።

ይህ ምክር የዘይቱን መጠን አይመለከትም። ዘይት ማብዛት ሁልጊዜ ለሞተሩ የሚበጅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የድሮዎቹ ማሽኖች እንደ ዘመናቸውና እንደ አምራቹ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት፣ ኋላም ለ50 ሊትር 1 ሊትር ይጠይቃሉ። ለ50 የተሠራውን ለ20 ብታደርጉት በዚያችው ጂግለር ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን በዘይቱ ፋንታ ይቀንሳል፤ ቅልቅሉም ይሳሳል። ሞተሩን ለመጠበቅ ብሎ ማቅጠን ማለት ነው።

ስለ ማከማቸት ጥቂት ልበል። እነዚህ ማሽኖች በዓመት ስምንት ወር ሥራ ፈት ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚበላሹትም ቆመው ሳሉ ነው። የዛሬው የአሜሪካ ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀልበታል። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮውን ጎማ ያበላሻል፤ ቤንዚኑ ሲተንም በትንሿ ጂግለር ውስጥ እንደ ቫርኒሽ የደረቀ ዝቃጭ ይቀራል። የኮሎው ኩሽኔታዎች በዘይት ውስጥ የተነከሩ ስላልሆኑ በእርጥበት ይዝጋሉ፤ ስለዚህ ብርዱ ሲያበቃ ሞተሩ ሊቆም ሲል ዘይት ይረጭበታል። አይጥ ደግሞ በአየር ማስገቢያው ሣጥን ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፤ ይህን የሚያስተምር የሞተር መጽሐፍ አላየሁም። ስለ ችንጋውና ፍጥነቱን በራሱ ስለሚለዋውጠው ፍሪሲዮን ዛሬ አልናገርም፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ከማሽኑ ወደ ሰዎቹ ልሻገር። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ካላችሁ ፔርቲ ፔልቶ በ1973 ያሳተመውን «የስኖሞቢሉ አብዮት» የተሰኘ ጥናት አንብቡት። በሰሜን ፊንላንድ በሴቬቲያርቪ አካባቢ የሚኖሩት የስኮልት ሳሚ ሕዝቦች፣ አጋዘን አርቢዎች፣ በ1960ዎቹ ስኖሞቢል ሲገባላቸው ኑሯቸው እንዴት እንደ ተለወጠ ይተርካል። ፔልቶ ለውጡን ከአካባቢ መነቀል ይለዋል። ቀድሞ ጉዞው የሚንቀሳቀሰው በአጋዘን ጉልበት ነበር፤ የአጋዘኑም መኖ እዚያው ምድር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኃይሉ ከሩቅ በሚመጣ፣ በገንዘብ በሚገዛ ቤንዚን ላይ ተመሠረተ። ማሽን ለመግዛት የቻለና ያልቻለ ሰው ኑሮም ተራራቀ።

በዚህ ትንተና እስማማለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት እወዳለሁ። ቤንዚኑን መንደሩ ማምረት አይችልም፤ ጥገናውን ግን ይችላል። ከመንደሩ ማዶ ያለ የመለዋወጫ አከፋፋይ ፒስተን ሲሸጥ ይኖራል፤ ማገጃውን መፈለግ የሚያውቅ ሰው መንደር ውስጥ ካለ ግን ከሚገዛው ሦስት ፒስተን ሁለቱ ይቀራሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ምርመራ የማያውቅ ጥገና የገንዘብ ማፍሰሻ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ባለ ሁለት ምት ሞተርን ለማሞገስ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሞተሩ አሠራር ምክንያት ከሚገባው ቤንዚን ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ያመልጣል። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ምዕራባዊ መግቢያ የጭሱ ብዛት ለትኬት ሠራተኞቹ ክፍል ንጹሕ አየር በቱቦ እስከ ማስገባት አድርሶ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2002 ያወጣው ደንብ ከ2006 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲሶቹ ላይ ገደብ ጣለ፤ አምራቾቹም ወደ ባለ አራት ምትና ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ወደሚረጭ ባለ ሁለት ምት ዞሩ። ደንቡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። በመቶ የሚቆጠሩ አሮጌ ማሽኖች ለመዝናኛ አንድ ሸለቆ ውስጥ እንዲጮሁ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። መረቡን ለማየት በሳምንት አንድ ቀን ሐይቁን የሚሻገሩት ሽማግሌ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ለእርሳቸው አዲስ ማሽን መግዛት የዓመት ገቢ ነው። አየር የሚያሾልክ፣ የተሳሳተ ጂግለር የገባበት ሞተር በትክክል ከተጠገነው ይልቅ አየሩንም ይበክላል፣ ባለቤቱንም ያጠፋል።

በጠረጴዛው ላይ ሦስት ፒስተኖች አሉ፤ ከዚያ የጥገና ቤት ሳመጣቸው በጉምሩክ ብዙ ማብራራት ነበረብኝ። በቁጥር ተለይተዋል። ቀስቱ ወደ ጭስ መውጫው ያመለክታል። አንደኛውና ሁለተኛው ከአንድ ሞተር የወጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻውን ነው። ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከመሄዳችን በፊት አምስት አምስት እየሆናችሁ ውጡና እዩአቸው፣ ንኩአቸው። ምን እንደ ሆኑ አትንገሩኝ። የማሽኑ ባለቤት ፊት ለፊታችሁ ቢቆም በመጀመሪያ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት፣ ቀጥሎም የትኛውን ምርመራ እንደምታደርጉ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ።